ከአዋጅ 47 እስከ ኮንዶሚኒየም፦ በጎፋ ብሎኮች መካከል የሙስሊሙ ቦታ የት ነው?



ከአራተኛ ፎቅ ጀናዛ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ያውቀዋል። ደረጃው ጠባብ ነው፤ በየመታጠፊያው ቃሬዛው ዘንበል ይላል፣ ከታች ያሉት ወደ ላይ ያነሳሉ፣ ከላይ ያሉት ይጎነበሳሉ፣ አንዱ ደግሞ ከፊት ሆኖ «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ይላል። ጎፋ ውስጥ ከሚገኙ የጋራ መኖሪያ መንደሮች በአንዱ እንዲህ ባለ ቀን ተገኝተን ነበር። ሟቹ አዛውንት ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። የታጠቡት እዚያው መኝታ ቤታቸው ውስጥ፣ ከጎረቤት በጀሪካን በመጣ ውኃ ነው። ከብሎኩ ጥቂት እርምጃ ርቆ ግን ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለእርድ ታስቦ የተሠራ የጋራ መጠቀሚያ ቤት ቆሟል። በሩ ላይ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሰሌዳ ተሰቅሎበታል።

ያን ቀን ከቀብር ስንመለስ አንድ ጥያቄ አብሮን ተመለሰ። ይህን መንደር ማን አሰበው? ሲያስበውስ እኛን እንዴት አድርጎ ቆጠረን?

ጥያቄው ጊዜውን የጠበቀ ነው። አዲስ አበባ አሁን የምትመራበት መዋቅራዊ ፕላን በ2009 ዓ.ም. የጸደቀና ለአሥር ዓመት የታሰበ ነው። ዘመኑ በ2019 ያበቃል። ማለትም ከተማዋ የት እንደምታድግ፣ የቱ ሰፈር እንደሚፈርስ፣ የቱ ቦታ ለመኖሪያ፣ የቱ ለንግድ፣ የቱ ለአምልኮ እንደሚተው የሚወስነው ቀጣዩ መስመር የሚሰመርበት ጊዜ ደጃፍ ላይ ነው። በዚህች አገር የፕላን ውይይት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ዶዘር ከመጣ በኋላ በመሆኑ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ቀድመን ብንነጋገርበት ብለን ነው ይህን የምንጽፈው።

ጎፋ ስንል በሐምሌ 2016 አሳዛኙ የመሬት መንሸራተት የደረሰበትን የደቡቡን ጎፋ ዞን ሳይሆን የአዲስ አበባውን፣ የንፋስ ስልክ ላፍቶውን ጎፋ ነው። ከቄራ በስተደቡብ ያለው ይህ አካባቢ ያለፉት ሃምሳ ዓመታት የከተማ ታሪክ በአንድ ቀን የእግር ጉዞ የሚታይበት ነው። ጎፋ ማዞሪያ ዙሪያ በ1967ቱ አዋጅ የመንግሥት የሆኑ የጭቃ ቤቶች አሁንም አሉ። ጎፋ ካምፕና ጎፋ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየሞቹ ተደርድረዋል። ከዚያ ወዲያ በሊዝ ቦታ ላይ የቆሙ የመስታወት ሕንፃዎች። ሦስት ዘመን፣ ሦስት ዓይነት ቤት። የመሬቱ ባለቤት ግን በሦስቱም ዘመን አንድ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ በዚያ ቀን የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ የሚይዘው ከአንድ ቤት እንዳይበልጥ፣ ለመሥሪያ የሚያገኘውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳያልፍ ተደነገገ። ከዚያ በላይ የነበረው ሁሉ ተወረሰ። ወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ዛሬ «የቀበሌ ቤት» እና «የኪራይ ቤቶች» የምንላቸው ሁለት ስሞች የመጡት ከዚያች የ100 ብር መስመር ነው። የሃይማኖት ተቋማት ለኪራይ የያዟቸው ቤቶችም ከአዋጁ አልተረፉም።

እውነቱን ለመናገር ሙስሊሙ ስለዚያ ዘመን ያለው ትውስታ አንድ ወጥ አይደለም። በሚያዝያ 1966 በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው የሙስሊሞች ሰልፍ ከጠየቃቸው ነገሮች መካከል በዓላቱ እንዲታወቁ የሚለው ይገኝበታል፤ ዒዶቹና መውሊድ የሕዝብ በዓል የሆኑት በደርግ ጊዜ፣ በ1967 መጀመሪያ ወራት ነው። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ብዙ ሙስሊም ገበሬ መሬት አገኘ፤ ከከተማ ተከራይም ብዙው በኪራይ ቅነሳው እፎይ አለ። በሌላ በኩል ነጋዴው በልፋቱ የሠራውን ቤት አጣ፤ ወቅፍ የሚባለው፣ መስጂድና መድረሳ በራሳቸው ገቢ የሚተዳደሩበት ሥርዓትም ቤት እያከራዩ መኖር በማይቻልበት አገር ውስጥ ሥር ሊሰድ አልቻለም። ይህ የኋለኛው ጉዳት ብዙ ያልተነገረለት ነው። ዛሬ መስጂዶቻችን ለመብራትና ለኢማም ደመወዝ በየጁሙዓው ሣጥን የሚያዞሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለናል።

ደርግ በግንቦት 1983 ወደቀ። የሌኒን ሐውልትም በዚያው ወር ከቆመበት ተነሳ። አዋጅ 47 ግን በመሠረቱ ቀረ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ሲል ደነገገ። ከዚያ በፊት በ1986 የወጣው የሊዝ አዋጅ፣ በ1994 እና በ2004 የተተኩትም፣ የከተማ መሬትን ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የመጠቀም መብት አደረጉት። የቀበሌ ቤቶቹ በውስጣቸው ለኖሩት ሰዎች አልተሸጡም፣ አልተሰጡም። ተከራዩ አባቱ የኖረበት፣ እሱ የተወለደበት፣ ልጆቹን ያሳደገበት ቤት ውስጥ ዛሬም ተከራይ ነው።

ይህ የሁሉም ከሶሻሊዝም የወጣ አገር ዕጣ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ሕግ በመንግሥት አፓርታማ የሚኖር ሰው ቤቱን በነፃ በስሙ እንዲያዛውር ፈቀደች። አልባኒያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤቶቹን ለነዋሪዎቻቸው በትንሽ ዋጋ ሸጠች። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ የሚታየው ቤቱ የሚፈርስበት ቀን ሲመጣ ነው። ሞስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ5 ሺህ በላይ ያረጁ ባለ አምስት ወለል ሕንፃዎችን ለማፍረስ ስትነሳ ሰዉ አደባባይ ወጣ፤ በመጨረሻ የወጣው ሕግ ከየሕንፃው ነዋሪ ሁለት ሦስተኛው ካልተስማማ ሕንፃው በፕሮግራሙ እንዳይገባ፣ ተነሺውም ምትክ ቤቱን በዚያው ወረዳ እንዲያገኝ የሚል ነበር። ድምፅ ከሰጡት አብዛኞቹ የቤታቸው ባለቤቶች ነበሩ።

እኛ ዘንድ በ2017 ካዛንቺስ ሲነሳ ብዙ የቀበሌ ቤት ነዋሪ የተጠየቀው ምርጫ ሌላ ነበር፦ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይስ ኮንዶሚኒየም? ብዙዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዱ። አዲሶቹ ቤቶች ከፈረሱት የተሻሉ መሆናቸውን የሚክድ የለም፤ መፀዳጃውን ከአሥር ቤተሰብ ጋር ይጋራ የነበረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ግን አንድ ሰፈር ቤት ብቻ አይደለም። ጀመዓው፣ ዕድሩ፣ ሕፃናቱ ቁርኣን የሚቀሩበት ቤት፣ ዱቤ የሚሰጠው ሱቅ አብረው አይጫኑም። የጎፋ ማዞሪያ የቀበሌ ቤት ነዋሪ የካዛንቺስን ወሬ በዚህ ጆሮ ነው የሚሰማው።

ወደ ኮንዶሚኒየሙ እንመለስ። እዚህ ጋ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ደርግ ራሱን ሶሻሊስት ብሎ እየጠራ በሶቪየት ኅብረት የታየውን ዓይነት የብሎክ መንደር ብዙም አልገነባም፤ የሠራው ወርሶ ማከፋፈል ነበር። በሞስኮ ሰዎች በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የጀመሩትን ባለ አምስት ወለል፣ አሳንሰር የሌለው፣ አንዱ ከአንዱ የማይለይ የመኖሪያ ብሎክ እኛ የገነባነው ደርግ ከወደቀ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በነፃ ገበያ ዘመን ነው፤ ያውም በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እገዛ በተሞከረ ንድፍ። የሁለቱ ሒሳብ ግን ያው ነው። አምስት ወለል ያለ አሳንሰር ሰው ሊወጣው ይችላል ተብሎ የሚታሰብበት ዳርቻ ነው፤ አሳንሰሩ ሲቀር ወጪው ይቀንሳል። ሒሳቡ ውስጥ ያልገባው ሰባ ዓመት የሞላቸው እናት ለፈጅር ወርደው መውጣታቸው ነው። ውኃው አራተኛ ፎቅ በማይደርስበት ሳምንት ውዱእ የሚደረግበት ጀሪካን በማን ትከሻ እንደሚወጣም አልተሰላም።

ፕሮግራሙ በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ጊዜ፣ በ1996 እና በ1997 ሲጀመር የነበረው ተስፋ ትልቅ ነበር። በ1997 የመጀመሪያ ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 በድጋሚ ሲከፈት 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በተባሉት መርሐ ግብሮች ከ900 ሺህ በላይ ሆነ። ዕጣው ለብዙዎች የማይደርስ ቢሆንም ከሃያ ዓመት በኋላ ጎፋን፣ ላፍቶን፣ ጀሞን ስናይ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ጀሞ ብቻውን ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ቤቶች ያሉት ከተማ ነው። በእነዚህ ብሎኮች ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ደረጃ እየወጣ፣ በአንድ ቆጣሪ እየተጨቃጨቀ አብሮ ይኖራል። በዒድ ቀን ከታች ወለል እስከ አራተኛ ፎቅ የሚዞረውን የምግብ ሳህን ያየ ሰው ብሎክ ጎረቤትነትን ገደለ ለማለት ይቸገራል።

ነዳፊዎቹም ፈጽመው አልረሱንም፤ ይህን ፍትሕ ለማድረግ እንናገረው። ለየተወሰኑ ብሎኮች አንድ የጋራ መጠቀሚያ ቤት እንዲኖር በንድፉ ገብቷል። እንጀራ ሊጋገርበት፣ ልብስ ሊታጠብበት፣ በግ ሊታረድበት፣ ለቅሶና ሠርግ ሊደረግበት። ከአውሮፓ የተወሰደ ንድፍ ቢሆን ይህ ቤት አይኖርም ነበር፤ የአገሩን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ያሰበው ነው። አረፋ ሲመጣ እርዱን የት እንደምናደርግ ያሰበልን ሰው ነበረ ማለት ነው። እንዲያውም ለእርድ ማሰብ ለጎፋ አካባቢ አዲስ አይደለም፤ ጎረቤቱ ያለው የቄራ ድርጅት የሙስሊሙንና የክርስቲያኑን እርድ በተለያየ መስመር ሲያከናውን የኖረ ነው። ይህች ከተማ ስትፈልግ ሁለት ዓይነት ነዋሪ እንዳላት ማሰብ ትችላለች።

ታዲያ የጋራ ቤቱ የት ሄደ? በየቦታው ታሪኩ ይመሳሰላል። አንዳንዱ የኮሚቴ ጽሕፈት ቤት ሆነ፣ አንዳንዱ መጋዘን፣ አንዳንዱ ለጥበቃ ደመወዝ ማሟያ ተብሎ ተከራየ። ክፋት አይደለም፤ የጥበቃው ደመወዝ ከየት ይምጣ? ግን በጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ የሆነው ነገር ሁሉ የቤት ባለቤቶቹ ነው፤ የሚያስተዳድረውም ማኅበራቸው ነው። የሞስኮው ነዋሪ የነበረው ድምፅ በዚህች አንዲት ጉዳይ ላይ እኛም አለን። የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ግን አዳራሹ ውስጥ የሚገኘው ስንቱ ነው? እኛ በበኩላችን ከጠየቅናቸው የጎፋና የላፍቶ ወንድሞችና እህቶች አብዛኞቹ ስብሰባ ላይ ቀርተው ውሳኔውን ከግድግዳ ማስታወቂያ ያነበቡ ናቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ፣ ወደ ሪባ እንምጣ። የ20/80 ቤት ማለት ገዢው የዋጋውን 20 በመቶ ቀድሞ ይከፍላል፣ ቀሪውን 80 በመቶ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በወለድ ተበድሮ በረጅም ዓመት ይመልሳል ማለት ነው። ሪባ በቁርኣን ምን ያህል በብርቱ ቃል እንደተከለከለ ለአንባቢያችን መንገር አያሻም። ስለዚህ ዕጣ የወጣለት ሙስሊም ሦስት መንገድ ነበረው። ሙሉ ዋጋውን በአንድ ጊዜ መክፈል፤ ይህ ለአብዛኛው ተመዝጋቢ የማይታሰብ ነው። ወለዱን ውስጥ ውስጡን እየከነከነው ፈርሞ መግባት። ወይም ቤቱን ትቶ ተከራይ ሆኖ መቅረት። ሦስቱንም የመረጡ ሰዎች እናውቃለን። አንዱን ወንድማችንን ዕጣው በደረሰው ሳምንት ጠይቀነው «ቤት ሲወጣልኝ ነው የተጨነቅኩት» ብሎናል።

ዑለማዎች በዚህ ላይ የተወያዩበት ብዙ ነገር አለ። የአውሮፓ የፈትዋና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 በምዕራብ አገራት ለሚኖር፣ ሌላ አማራጭ ለሌለው ሙስሊም ለመኖሪያ ቤት ብቻ ሲሆን በዶሩራ መነሻ መፍቀዱ ይታወቃል፤ የተቃወሙትም ዑለማዎች ጥቂት አይደሉም። በእኛ አገር ጉዳይ ፈትዋ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም። እኛ የምንለው ከፈትዋው በፊት ያለውን ነው። አንድ የሕዝብ ፕሮግራም፣ በሕዝብ መሬት ላይ፣ በሕዝብ ገንዘብ ተገንብቶ የመግቢያ በሩ አንድ ብቻ ሆኖ፣ ያ በር ደግሞ የከተማዋን ሰፊ ክፍል ከእምነቱ ጋር የሚያጋጭ ከሆነ ችግሩ የምእመኑ ሳይሆን የበሩ ነው። በ1997 ባንኮቻችን ከወለድ ነፃ አገልግሎት አልነበራቸውም፤ የተባለው ሁሉ በጊዜው ሰበብ ነበረው። በ2004 ብሔራዊ ባንክ መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፍቱ ፈቀደ። በ2011 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ለሆኑ ባንኮች በሩ ተከፈተ፤ ዘምዘምና ሂጅራ በ2013 ሥራ ጀመሩ። ሰበቡ አልቋል።

አሠራሩም የተሰወረ ጥበብ አይደለም። በሙራበሃ ባንኩ ቤቱን ከአስተዳደሩ ይገዛና ትርፉ ታውቆ በተወሰነ ዋጋ ለነዋሪው በየወሩ ክፍያ ይሸጣል። በሚቀንስ ሙሻረካ ደግሞ ባንኩና ነዋሪው ቤቱን በጋራ ይገዙና ነዋሪው የባንኩን ድርሻ ቀስ በቀስ እየገዛ ሲሄድ ሙሉ ባለቤት ይሆናል። ቤቱ ግን በወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ስለሚዞር የስም ማዛወሪያው ወጪ እጥፍ እንዳይሆን የሚል ጥያቄ ይነሳል። ይህን ጥያቄ ያነሳነው የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም፤ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2003 በእስላማዊ የቤት ግዢ ላይ የነበረውን ድርብ የቴምብር ቀረጥ በሕግ አንስታለች። የሙስሊሙ ቁጥር ከእኛ አገር ጋር በማይወዳደርባት አገር የተቻለ ነገር እዚህ የሚከብድበት ምክንያት አይታየንም።

ቀጥሎ መስጂዱ። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለሃይማኖት ተቋማት የአምልኮ ቦታ የሚሰጠው በጨረታ ሳይሆን በምደባ ነው፤ ውሳኔው የካቢኔ ነው። ይህ መልካም ነገር አለው፤ መስጂድ ከባንክና ከሆቴል ጋር ተጫርቶ ቦታ ያግኝ ቢባል ዕድል የለውም። ግን ምደባ ማለት ሌላም ነገር ማለት ነው። በፕላኑ ላይ ቀድሞ የተቀመጠ ቦታ ከሌለ የሚመደብ ቦታ የለም፤ ካለም ጠያቂው በሕግ የታወቀ፣ ማስረጃውን የያዘ፣ በሩን ደጋግሞ የሚያንኳኳ መሆን አለበት። መጅሊሱ በአዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው በ2012 ነው። ኮንዶሚኒየሞቹ በተገነቡባቸው በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሙስሊሙን ወክሎ ፕላን ክፍል ገብቶ «እዚህ ብሎክ መካከል ስንት አማኝ ሊኖር ነው?» ብሎ የጠየቀ ተቋም ነበረን ለማለት እንቸገራለን።

ክፍተቱን ሰው በራሱ መንገድ ሞላው። ምድር ቤት ያለ ሱቅ ተከራይቶ መስገጃ አደረገው። በድንኳን ተራዊሕ ሰገደ። በከተማው ዳርቻ ከገበሬ ቦታ ገዝቶ በቆርቆሮ መስጂድ ሠራ፤ «መጀመሪያ እንሥራው፣ ሕጋዊ ማድረጉ ይደርሳል» እያለ። ይህን ያደረግነው ሌላ መንገድ ስላልታየን ነው፤ ግን የራሳችንም ስህተት አለበት። ካርታ የሌለው መስጂድ ዶዘር ፊት የሚያቀርበው ወረቀት የለውም።

ያን በ2015 በመራር ሁኔታ ተማርነው። አዲስ አበባን ዙሪያዋን በከበበው በአዲሱ ሸገር ከተማ፣ አስተዳደሩ ሕገ ወጥ ግንባታ ናቸው ባላቸው ቤቶች ላይ በወሰደው የማፍረስ እርምጃ መስጂዶችም ፈረሱ። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት የፈረሱትን 19 ሲል አስታወቀ። በግንቦት 18 እና በግንቦት 25፣ ሁለት ተከታታይ ጁሙዓ፣ በአንዋር መስጂድ በተነሳው ተቃውሞ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። የዚያ ጉዳይ ፖለቲካው ብዙ ተጽፎበታል። ከከተማ ፕላን አንፃር ሲታይ ግን ነገሩ የጎፋው የጀናዛ ደረጃና የሸገሩ ዶዘር አንድ ሥር ያላቸው መሆኑ ነው። አንደኛው ቦታ ላይ ፕላኑ እኛን ሳይቆጥር ተሠራ፤ ሌላኛው ቦታ ላይ እኛ ፕላኑን ሳንጠብቅ ሠራን።

ቦታ በጊዜው ያልተያዘለት ማኅበረሰብ ምን ያህል ሊጠብቅ እንደሚችል ለማየት ቲራናን ማንሳት ይጠቅማል። የአልባኒያ ኮሚኒስቶች እ.ኤ.አ. በ1967 ሃይማኖትን ጨርሰው አገዱ፤ መስጂዶች ተዘጉ፣ ብዙዎቹ ፈረሱ። በጥር 1991 ሕዝቡ የኤተም ቤይ መስጂድን በር ከፍቶ ገባ። ያቺ ታሪካዊ መስጂድ ግን ትንሽ ናት። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ያለ ልጓም አደገች፤ መናፈሻዎቿ እንኳ በኪዮስክና በሕንፃ ተወረሩ። ካቶሊኮች በ2002፣ ኦርቶዶክሶች በ2012 ካቴድራሎቻቸውን መሐል ከተማ ሲከፍቱ ሙስሊሙ ዒድን አደባባይ ላይ እየሰገደ ቆየ። ናማዝጋህ የተባለው ትልቁ መስጂድ በሩን የከፈተው በጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ያውም በቱርክ ድጋፍ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ። የሃይማኖት ነፃነት መጥቶ ነበር፤ የጎደለው ቦታ ነበር።

እኛ ጋ መሬቱ አሁንም በመንግሥት እጅ መሆኑ በዚህ በኩል ዕድልም ነው። ቲራና መሬቱ በግለሰቦች እጅ ገብቶ ካለቀ በኋላ ነው ቦታ የፈለገችው። አዲስ አበባ ግን ብዕር አንስታ «ይህ ለአምልኮ፣ ይህ ለመቃብር፣ ይህ ለመድረሳ» ማለት ትችላለች፤ የሚያግዳት ባለ ይዞታ የለም። ስለዚህ ቀጣዩ ፕላን ሲዘጋጅ የአዲስ አበባ መጅሊስ ይዞ መግባት ያለበት የአቤቱታ ደብዳቤ ሳይሆን ቁጥር ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ በየሳይቱ ስንት ሙስሊም ቤተሰብ አለ? በጁሙዓ ስንት ሰው በመንገድ ላይ ይሰግዳል? ሴቶቻችን የሚሰግዱበት ስፍራ በየትኞቹ መስጂዶች አለ፣ በየትኞቹ የለም? ከጎፋ የሚነሳ ጀናዛ እስከ ቀብር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ይህን ለመቁጠር የመንግሥት በጀት አያስፈልግም። በየብሎኩ ሁለት ወጣት፣ አንድ ደብተርና ሁለት ጁሙዓ ይበቃል። የጎረቤት ክርስቲያኖች ስለ ድምፅ ማጉያና ስለ መኪና ማቆሚያ የሚያነሱት ቅሬታም አብሮ ቢመዘገብ ጥሩ ነው፤ ቦታው ሲመረጥ ከመኝታ ቤት መስኮት ስንት ሜትር ይራቅ የሚለው መልስ የሚያገኘው ያኔ ነው።

የባንኩን ጉዳይ ከወለድ ነፃ ባንኮቻችን እንጠብቃለን። ቅርንጫፍ መክፈት አንድ ነገር ነው፤ ከቤቶች ልማት ጋር ተቀምጦ ለቀጣዩ ዕጣ ከወለድ ነፃ የውል ቅጽ ማዘጋጀት ሌላ። ቁጠባችንን የሰጠናቸው ለሁለተኛው ጭምር ነው። ለቀበሌ ቤት ነዋሪውም አንድ የሚጠየቅ ነገር አለ፦ ሰፈሩ የሚለማ ከሆነ ምትኩ በዚያው ክፍለ ከተማ ይሁንልኝ ማለት። ሞስኮ ላይ የሰዉ ጩኸት በሕግ የተጻፈበት ጥያቄ ነው፤ ጎፋ ላይም ጀመዓን ከነኢማሙ ሳይበትኑ ለማንሳት ሌላ መንገድ የለም።

የጋራ መጠቀሚያ ቤቱን ጉዳይ ግን ለመጅሊስም ለባንክም አንተወውም። ይህን ከጻፍን በፊት ወደዚያው መንደር ተመልሰን ነበር። የቀለም ሱቁ የኪራይ ውል በዚህ ዓመት እንደሚያልቅ፣ ይታደስ አይታደስ የሚለውም በሚቀጥለው የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ እንደሚወሰን አንድ የኮሚቴ አባል ነግረውናል። ጉባኤው እሑድ ጠዋት ነው፤ ቦታውም እዚያው ብሎኮቹ መካከል፣ አስፋልቱ ላይ በሚደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች።